የአስተዳዳሪውን ልዩ ገጽ ስለ መዝጋትና ሥራውን ወደ ዋናው መዝገብ ስለ መመለስ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፤ ለወረዳ ሹማምንትና ለእርሻ ባለቤቶች የቀረበ ትምህርት

እህልን ለመጠበቅ ብርቱ ጐተራ እንደሚያስፈልግ ሁሉ፤ የእህሉንና የመሬቱን ቍጥር ለመጠበቅም የታመነ መዝገብ ያስፈልጋል። መዝገቡ የተሳሳተ እንደ ሆነ፤ ጐተራው ሞልቶ ሳለ ገበሬው ዘር አጥቶ ዝናቡ ያልፍበታል፤ ማዳበሪያውም ለማይገባው ሰው ተሰጥቶ የሚገባው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ መዝገብ የሚጠብቅ ሹም እህል ከሚጠብቅ ሹም አያንስም።

በዘመናችን መዝገብ ከወረቀት ደብተር ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ መጥቷል። አንዱ በቀበሌ ሆኖ የጻፈውን ሌላው በሚኒስቴር ሆኖ በዚያው ሰዓት በኢንተርኔት የሚያነበውን መዝገብ ባለሙያዎቹ ዌብ አፕሊኬሽን ይሉታል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የድር መዝገብ እንለዋለን። የትምህርታችን ዐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም ሹም ለብቻው የሚገባበትን ልዩ የአስተዳዳሪ ገጽ መዝጋትና፤ ሹሙ ሥልጣኑን ሠራተኛው በሚያየው በዋናው መዝገብ ላይ እንዲሠራበት ማድረግ፤ ለመዝገቡም ለሹሙም ለገበሬውም የሚጠቅም መሆኑን ማስረዳት ነው። ዳሩ ግን ይህ ሥራ ያለ ጥንቃቄ የተሠራ እንደ ሆነ ከቀድሞው የባሰ ጉዳት ስለሚያመጣ፤ አሠራሩን በየተራው እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የአስተዳዳሪ ገጽ ምንድር ነው?

የድር መዝገብ ብዙ ጊዜ ሁለት መግቢያ አለው። አንደኛው የተራው ሠራተኛ ነው፤ የቀበሌው የእርሻ ባለሙያ በዚያ ገብቶ የገበሬውን ስም፤ የመሬቱን ስፋት፤ የሚያስፈልገውን ዘርና ማዳበሪያ ይጽፋል። ሁለተኛው የአስተዳዳሪው ነው፤ አድራሻውም መልኩም ከፊተኛው የተለየ ነው። በዚያ የገባ ሰው የፈለገውን ይጨምራል፤ የፈለገውን ይሰርዛል፤ ለሌላው ሰው ሥልጣን ይሰጣል፤ የሰጠውንም ይነሣል።

ይህ ልማድ የመጣው በክፋት አይደለም፤ ሥራን ለማፋጠን ነው። በአሜሪካ አገር፤ በካንሳስ ግዛት፤ ሎውረንስ በምትባል ከተማ ሎውረንስ ጆርናል ዎርልድ የሚባል ጋዜጣ አለ። በዚህ ጋዜጣ ቤት የነበሩ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ጃንጎ የተባለውን የድር ሥራ መሣሪያ አበጁ፤ በ2005 ዓ.ም. በጁላይ ወር ማንም እንዲሠራበት በነጻ አወጡት። ጃንጎ ፕሮግራም ጸሐፊው ብዙ ሳይደክም የአስተዳዳሪውን ገጽ ራሱ አዘጋጅቶ ያቀርባል። ጋዜጠኞች ዜናቸውን ቶሎ ማስገባት ስለሚገባቸው ይህ ብልኃት እጅግ ጠቀማቸው፤ ከዚያም ወደ ብዙ አገርና ወደ ብዙ መሥሪያ ቤት ተዛመተ። ነገር ግን የጃንጎ ሠሪዎች ራሳቸው በመመሪያቸው፤ ይህ ገጽ ለመሥሪያ ቤት የውስጥ አስተዳደር ብቻ እንዲውል፤ ሰው ሁሉ የሚሠራበት ገጽ በሙሉ በርሱ ላይ እንዳይታነጽ ይመክራሉ። ምክሩን ሳይሰሙ ለጊዜው የተባለውን ገጽ ለዘወትር ያደረጉት ብዙዎች ናቸው።

2ኛ፤ ልዩው ገጽ ስለሚያመጣው ጉዳት

አንድ ጐተራ ሁለት በር አለው እንበል፤ አንዱ በፊት ለፊት፤ ሁለተኛው በጓሮ። በፊት ለፊቱ በር ቈጣሪ ቢቆምም፤ በጓሮው የገባውና የወጣው ስለማይቈጠር ሒሳቡ ከቶ አይገጥምም። የአስተዳዳሪው ልዩ ገጽ እንዲህ ያለ የጓሮ በር ነው። ጉዳቱም በአራት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ደንቡ ሁለት መሆኑ ነው። በአገራችን ለብዙ ዘመን ለ1 ሄክታር ማሳ 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ይመከር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የድር መዝገቡም በዚህ ልክ ደንብ ወጥቶለታል እንበል። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ በጠቅላላው 1 ኩንታል ማዳበሪያ ሲገባው፤ ባለሙያው በስሕተት 10 ኩንታል ቢጽፍ መዝገቡ አልቀበልም ይላል። ደንቡ በሠራተኛው ገጽ ላይ ብቻ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን፤ የአስተዳዳሪው ገጽ 10ሩን ኩንታል ዝም ብሎ ይቀበላል። ምክሩ ተለውጦ ደንቡ ሲታረምም በሁለት ስፍራ መታረም አለበት፤ አንዱ የተረሳ እንደ ሆነ ሁለቱ ገጾች በአንድ ነገር ሁለት ፍርድ ይፈርዳሉ።

ሁለተኛው ሹሙ ሠራተኛው የሚያየውን አለማየቱ ነው። በልዩው ገጽ የሚታየው የስምና የቍጥር ሠንጠረዥ ብቻ ነው። በሩቅ ቀበሌ ያለው ባለሙያ ገጹ አልከፈት አለኝ፤ የጻፍሁት ጠፋብኝ ብሎ ቢያመለክት፤ በሹሙ በኩል ሁሉ ደኅና መስሎ ስለሚታይ ሰነፍ ሠራተኛ ተብሎ ይነቀፋል። ሹሙ ዕለት ዕለት በዚያው ገጽ የሚሠራ ቢሆን ግን ጕድለቱን ራሱ ያገኘዋል፤ ያገኘውንም ቶሎ ያሳርማል።

ሦስተኛው ሥልጣን ሁሉ በአንድ የይለፍ ቃል መታሰሩ ነው። ጸሐፊው አንድ የተሳሳተ ስም ለማረም ብቻ ፈቃድ ሲያስፈልገው፤ መግቢያው አንድ ነውና ለመሰረዝም፤ ሥልጣን ለማደልም የሚያስችለው ቃል ይሰጠዋል። ሹሙ ሥራ ሲበዛበት ቃሉን ለጸሐፊው ይነግራል፤ ጸሐፊውም ሲታመም ለባልንጀራው ይነግራል። ጥፋት በተገኘ ጊዜ ማን እንዳደረገው የሚያውቅ አይገኝም።

አራተኛውና የሚከፋው ምክንያቱ የማይታይ ለውጥ ነው። አንድ ገበሬ በሰኔ ወር ዘሩን ሊቀበል መጥቶ ስሙ ከመዝገቡ ወጥቶ ያገኘዋል። ስሜን ማን አወጣው? ስለምን አወጣው? ብሎ ሲጠይቅ የቀበሌው ባለሙያ የሚመልሰው ቃል የለውም፤ ለውጡ የተደረገው እርሱ በማያየው ገጽ ነውና። ምናልባት ስሙ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ኖሮ ሹሙ በቅንነት አንዱን ሰርዞት ይሆናል። ነገር ግን በስውር የተሠራ ቅን ሥራ ከግፍ ተለይቶ አይታወቅም። ገበሬው ወደ ወረዳ ሲመላለስ ሳምንት ያልፋል፤ ዝናቡም አይጠብቀውም።

3ኛ፤ በአንድ ገጽ መሥራት የሚቻል ስለ መሆኑ

ሥልጣንና ተራ ሥራ በአንድ ገጽ ሊገናኙ አይችሉም የሚል ሰው ቢኖር ዊኪፔዲያን ይመልከት። ይህ በጃንዋሪ 15 ቀን 2001 ዓ.ም. የተከፈተው፤ በአማርኛም ክፍል ያለው የዕውቀት መዝገብ፤ እጅግ ብዙ ሰው የሚጽፍበት ነው። አስተዳዳሪዎቹ እንደ ማንኛውም ጸሐፊ በአንዱ መግቢያ ይገባሉ፤ የሚያነቡትም ያንኑ ገጽ ነው። ልዩነቱ አስተዳዳሪ በሆነው ሰው ፊት ሦስት ትእዛዛት ተጨምረው መታየታቸው ነው፤ እነርሱም ገጽን መሰረዝ፤ ገጽን ከለውጥ መጠበቅና አጥፊን ማገድ ናቸው። አንዳንዱ ትእዛዝ የራሱ ቅጽ ቢኖረውም ቅጹ የሚገኘው በዚያው መዝገብ ውስጥ ነው። ይህ ሲደረግ የአድራጊው ስም፤ ሰዓቱና የሰጠው ምክንያት ማንም ሊያነበው በሚችል የድርጊት መዝገብ ይጻፋል፤ የተሰረዘውም ገጽ ሊመለስ ይችላል።

ብዙ ሰው ለጽሑፍ የሚገለገልበት ዎርድፕሬስም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የተለየ የአስተዳዳሪ ክፍል አለው። ነገር ግን በ2011 ዓ.ም. ባወጣው እትም ከዋናው ገጽ አናት ላይ የትእዛዝ መስመር ጨመረ፤ የተፈቀደለትም ሰው የሚያነበውን ገጽ ከዚያው ከቆመበት ለማረም መንገድ አገኘ። ልዩውን ክፍል ፈጽሞ ባይዘጋውም ሥልጣኑን ወደ ሥራው ስፍራ አቀረበው።

4ኛ፤ ስለ ተቃራኒው ዐሳብ

ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላልና፤ መግቢያ ሁለት መሆኑ ይሻላል፤ የሹሙም በር ተሰውሮ ቢኖር ከሌባ ይድናል የሚሉ አሉ። ይህ ዐሳብ ሊናቅ አይገባም፤ ደጋፊ ምስክርም አለው።

በጃንዋሪ ወር 2009 ዓ.ም. አንድ ሌባ በመሣሪያ እየገመተ የአንድ የትዊተር ሠራተኛን ደካማ የይለፍ ቃል አገኘ፤ በርሱም የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ይዞ፤ በዚያን ጊዜ ተመርጠው ሹመታቸውን ይጠብቁ የነበሩትን የባራክ ኦባማን መግቢያ ጭምር ለሌላ አሳልፎ አስያዘ፤ በስማቸውም የሐሰት መልእክት ተላለፈ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ በ2010 ዓ.ም. ክሱን ሲያቀርብ፤ ከነቀፋው አንዱ ለሠራተኞች የተለየና ለተፈቀደላቸው ብቻ የታወቀ የአስተዳዳሪ መግቢያ አልተዘጋጀም የሚል ነበረ።

ነገር ግን ክሱን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል። ሠራተኞቹ ሁሉ ከጥቂቶች በቀር የአስተዳዳሪነት ሥልጣን እንደ ነበራቸው፤ ሥልጣኑ በየሥራቸው ልክ እንዳልተወሰነ፤ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ የሞከረውንም የሚያግድ ደንብ እንዳልነበረ ዐብሮ ተዘርዝሯል። ከ11 ዓመት በኋላም፤ በጁላይ 15 ቀን 2020 ዓ.ም.፤ ለሠራተኞች ብቻ የተለየ የውስጥ መሣሪያ በነበረበት ጊዜ፤ ወንበዴዎች የኮምፒዩተር ረዳት ነን እያሉ ለሠራተኞቹ ስልክ ደውለው በማታለል ወደዚያው መሣሪያ ገቡ። በ130 ሰዎች መግቢያ ላይ እጃቸውን ሰነዘሩ፤ በ45ቱም ስም መልእክት አስተላለፉ። በሩ የተለየ መሆኑ ብቻውን አላዳነም፤ ከገቡ በኋላ ብዙ ማድረግ የሚያስችል ሰፊ ሥልጣን አገኙና።

ስለዚህ ደኅንነትን የሚሰጠው የበሩ መሰወር አይደለም። ሌቦች የተለመዱትን የአስተዳዳሪ አድራሻዎች ቀንና ሌሊት የሚሞክሩ መሣሪያዎች አሏቸው። ደኅንነትን የሚሰጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ሥልጣንን በሥራ ልክ መወሰን፤ ሥልጣን ያለውን ሰው ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጠየቅ፤ የተደረገውን ሁሉ መመዝገብ ናቸው። ሦስቱ የሌሉበት መዝገብ ሁለት በር ቢኖረው ሁለት ጊዜ ይሰረቃል።

5ኛ፤ ገጹ የሚዘጋበት ሥርዐት

ሀ) አስቀድሞ ሥራውን መቍጠር። በልዩው ገጽ በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ምን እንደሚሠራ ይዘርዘር። ዕለታዊው፤ ዓመታዊውና ማንም ያልሠራበት ይለይ። ማንም ያልሠራበት ትእዛዝ ወደ አዲሱ ሊዛወር አይገባውም፤ ይቅር።

ለ) ለያንዳንዱ ሥራ በዋናው መዝገብ ስፍራ መስጠት። የስም እርማት በገበሬው ገጽ ላይ፤ የኮታ ድልድል በቀበሌው ገጽ ላይ፤ የሠራተኛ ሹመት በሠራተኞች ዝርዝር ላይ ይሁን። ሹሙ ሊያርም የሚፈልገውን ነገር በሚያይበት ስፍራ የማረሚያውን አዝራር ያግኝ።

ሐ) ሥልጣንን ለሰው ሳይሆን ለሹመት መስጠት። ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ አሜሪካውያን በ1992 ዓ.ም. ባቀረቡት ጽሑፍ ያስረዱት ይህን ነው፤ ፈቃድ ከሥራው ማዕረግ ጋራ ይታሰራል፤ ሰውም ማዕረጉን ሲይዝ ፈቃዱን ያገኛል፤ ሲለቅ ፈቃዱ ይቀርበታል። ለምሳሌ የቀበሌው ባለሙያ ይጽፋል፤ የወረዳው ሹም ያርማል፤ ያጸድቃልም፤ የዞኑ ሹም ያያል፤ ድልድልም ያዛውራል። ሹም ወደ ሌላ አገር ሲዛወር የቀድሞው ወረዳ መዝገብ በዚያው ቀን ይዘጋበታል።

መ) ፈቃዱን በየትእዛዙ መመርመር። ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በዚህ ነው። አዝራርን ከሠራተኛው ዐይን መሰወር ቍልፍ አይደለም። ነገር የሚያውቅ ሰው አዝራሩን ሳያይ ትእዛዙን በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ፤ ማለት መዝገቡ ወደ ተቀመጠበት ዋና ኮምፒዩተር፤ መላክ ይችላል። ስለዚህ ትእዛዝ በደረሰ ቍጥር ይህ ሰው ማን ነው? ይህን በዚህ ወረዳ ለማድረግ ተፈቅዶለታልን? ብሎ ሰርቨሩ ራሱ መጠየቅ አለበት። ጀሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሊቃውንት በ1975 ዓ.ም. ይህንኑ ከጥበቃ መሠረቶች አንዱ አድርገው ጽፈዋል። ኦዋስፕ የተባለው የድር ደኅንነት ማኅበርም በ2021 ዓ.ም. ባወጣው የ10 አደጋዎች ዝርዝር፤ የፈቃድ ቍጥጥር ጕድለትን ከ5ኛ ወደ 1ኛ ስፍራ አውጥቶታል። ልዩውን ገጽ የዘጋ፤ ይህን ምርመራ ግን ያላቆመ ሰው፤ አጥሩን አፍርሶ ዘበኛ ያልቀጠረ ማለት ነው።

ሠ) ለውጥን ሁሉ ከነምክንያቱ መመዝገብ። ሹሙ 10ሩን ኩንታል ወደ 1 ኩንታል ሲመልስ የቀድሞው ቍጥር አይጥፋ፤ ከበታቹ የአራሚው ስም፤ ቀኑና ምክንያቱ ይታይ። የገበሬው ስም ሲወጣም ሁለት ጊዜ ስለ ተጻፈ የሚል ቃል ይቀመጥ። ያን ጊዜ የቀበሌው ባለሙያ ለጠያቂው መልስ አለው፤ ቅን ሹምም በሐሰት አይታማም። ስም መሰረዝንና ሥልጣን መስጠትን የመሰለ ከባድ ሥራ ደግሞ አንዱ ጠይቆ ሌላው ሲያጸድቀው እንጂ በአንድ ሰው እጅ አይፈጸም።

ረ) ጊዜውን መምረጥ። በመኸር አገር ሰኔና ሐምሌ የዘር ወራት ስለ ሆኑ በነዚህ መዝገብ መለወጥ አይገባም፤ መከሩ ከገባ በኋላ ጥር ይሻላል። በበልግ አገር ግን የካቲትና መጋቢት ዘር የሚዘራባቸው ናቸውና ሥራው ከነርሱ በፊት ካላለቀ ይቈይ። ለጥቂት ሳምንታት አሮጌው ገጽ ለማንበብ ብቻ ይተው፤ መጻፍ ግን በአዲሱ ብቻ ይሁን። በሁለቱም እንዲጻፍ የተፈቀደ እንደ ሆነ ሁለቱ መዝገቦች ይጣላሉ።

ሰ) ፈጽሞ መዝጋት። የአሮጌው ገጽ አድራሻ የሚፈልገውን ሰው ወደ አዲሱ ስፍራ ይምራ፤ በኢንተርኔት ሥርዐት ለዚህ 301 የተባለው ምልክት አለ፤ ለዘለቄታው ተዛውሯል ማለት ነው። ቈይቶም በ410 ይለወጥ፤ ይኸውም ከእንግዲህ ወዲህ የለም ማለት ነው። ነገር ግን ገጹ መታያ ብቻ መሆኑ አይረሳ፤ ከበስተኋላው ትእዛዝ የሚቀበል የፕሮግራም ክፍል አለ። ገጹን አጥፍቶ ይህን ክፍል መተው፤ የበሩን ሳንቃ ነቅሎ ደጁን ክፍት እንደ መተው ነው። የአሮጌዎቹም አስተዳዳሪዎች ስምና የይለፍ ቃል አንድም ሳይቀር ይሻር።

6ኛ፤ ተለይቶ ሊቀር ስለሚገባው

ሁሉ ነገር ወደ አንድ ገጽ ይምጣ አንልም። የመዝገቡን ቅጂ በሌላ ስፍራ ማኖር፤ ሰርቨሩን ማደስ፤ የጠፋውን ከቅጂው መመለስ፤ የኮምፒዩተር ባለሙያው ሥራ እንጂ የሹሙ ሥራ ስላልሆነ፤ ከድር መዝገቡ ውጭ በባለሙያው መሣሪያ ይሠራ። ደግሞም የሹማምንቱ መግቢያ በአንድ ጊዜ ቢበላሽ ማንም ሊገባ የማይችልበት ቀን እንዳይመጣ፤ አንድ የጭንቅ ጊዜ መግቢያ ይኑር። ቃሉ በታተመ ፖስታ ሆኖ በሁለት ሰዎች ኀላፊነት ይቀመጥ፤ በተከፈተ ጊዜም በማን ፈቃድ እንደ ተከፈተ ይጻፍ፤ ወዲያውም ይለወጥ።

7ኛ፤ ሹም ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ሹም ፕሮግራም መጻፍ አይጠበቅበትም፤ መጠየቅ ግን ይጠበቅበታል። ባለሙያዎቹ ሥራው ተፈጽሟል ብለው በቀረቡ ጊዜ እነዚህን ይጠይቅ፤

1. በቀበሌው ባለሙያ ስም ገብታችሁ፤ ለወረዳ ሹም ብቻ የተፈቀደውን ትእዛዝ በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ልካችሁ ሞክራችኋልን? ተከለከለን? ተከለከለ ቢሉ በፊቱ ደግመው ያሳዩት።
2. የአንዱ ወረዳ ሹም የሌላውን ወረዳ ገበሬ ሊያርም ይችላልን?
3. ባለፈው ወር ከተዛወሩት ሹማምንት ውስጥ ዛሬ መግባት የሚችል አለን?
4. ትናንት ከታረሙት ቍጥሮች አንዱን አንሥተን፤ ማን ስለምን እንዳረመው በመዝገቡ ላይ ማንበብ እንችላለንን?
5. አሮጌው አድራሻ ዛሬ ሲጠየቅ ምን ይመልሳል?

አንዱ እንኳ የሚያጠራጥር መልስ ያገኘ እንደ ሆነ ሥራው አላለቀምና ይመለስ።

ልዩውን ገጽ ያስለመዱት ሹማምንት መዘጋቱ ክብራቸውን የሚቀንስ መስሎ ሊታያቸው ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሥልጣናቸው ያው ሥልጣን ነው፤ የተለወጠው የሚሠራበት ስፍራ ብቻ ነው። የቀድሞ ዳኛ በዛፍ ጥላ ሥር በአደባባይ ተቀምጦ ሲፈርድ ሕዝቡ ስለ ሰማው ዳኝነቱ አልተዋረደም፤ በመሰማቱ ፍርዱ ጸና እንጂ። የመዝገብ ሹምም ያረመውን ሁሉ በሚታይ ገጽ፤ በስሙና በምክንያቱ የጻፈ እንደ ሆነ፤ ገበሬው በሰኔ ወር ስለ ዘሩ ሲጠይቅ መልሱን ከቀበሌው ያገኛል፤ ወደ ወረዳ ሳይመላለስም በዝናቡ ይዘራል።